የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ጦስኝ፣ ባሕር ዛፍና ቅርንፉድ ጀርም ይገድላሉ?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ስድስቱ አንድ ጉዳይ ላይ ያርፋሉ፤ ከመድኃኒት ዕፀዋት የሚወጣው ዘይት ጀርም ይገድላል ወይ? ሁሉም የተጻፉት ከመሀል ከተማ ነው፤ ከልደታ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስ፣ ከመርካቶ፣ ከፒያሳና ከስታዲየም አካባቢ። ለስድስቱም አስቀድመን የምንለው አለን። «ይገድላል ወይ?» የሚለው ግማሽ ጥያቄ ነው። ቀሪው ግማሽ «ስንት ሲሆን? የት ደርሶ? ምን ያህል ቆይቶ?» የሚለው ሲሆን ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ይህን ሳይጠይቅ ሲቀር ነው።

ጥያቄ፦ ጉሮሮዬን ባመመኝ ቁጥር ጦስኝ አፍልቼ እጠጣለሁ። ጦስኝ ባክቴሪያ መግደሉ በጥናት ተረጋግጧል ይባላል። ታዲያ ሐኪም ቤት መሄድ ለምን ያስፈልገኛል? (አንባቢ፣ ከልደታ)

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው፤ የተረጋገጠው ግን ስለ ዘይቱ እንጂ ስለ ሻዩ አይደለም። ለጦስኝ ያንን ሽታና ኃይል የሚሰጡት ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። የባክቴሪያ ሽፋን ቅባትነት ስላለው ሁለቱም ይሰርጉበታል። ሽፋኑ ሲላላ በውስጡ የነበረው ፖታሲየም ይፈስሳል፤ ሴሉም ኃይል ማመንጨት ያቅተውና ይሞታል። በአውስትራሊያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት 52 የዕፀዋት ዘይቶችንና ጭማቂዎችን ፈትሾ፣ በትንሽ መጠን በመሥራት የቀደመው የታይም ዘይት ሆኖ ተገኝቷል። ታይም የእኛው ጦስኝ የቅርብ ዘመድ ነው። ኢ.ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያና ካንዲዳ የሚባለውን ፈንገስ ለመግታት 0.03 በመቶ በቅቶታል።

አሁን ወደ ሲኒዎ እንምጣ። ሁለት የሻይ ማንኪያ የደረቀ ጦስኝ 2 ግራም ግድም ይመዝናል። ከመቶ አንዱ እጅ ዘይት ነው ብንል 20 ሚሊ ግራም እናገኛለን። ይህ ሁሉ አንዲት ነጥብ ሳትባክን 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ቢገባ እንኳ 0.01 በመቶ ነው፤ ከላይ የጠቀስነው መጠን ሲሶ መሆኑ ነው። እሱም ቢሆን አይገባም። ቤቱን የሚያውደው መዓዛ ከሲኒው ያመለጠ ዘይት ነው። በላብራቶሪ ዘይቱ ከባክቴሪያው ጋር አንድ ሙሉ ቀን ይቆያል፤ ጉሮሮዎ ላይ ግን የሚቆየው አንድ ጉንጭ ተውጦ እስኪያልፍ ብቻ ነው።

ሻዩን አይተዉት። ሙቀቱ ጉሮሮን ያለዝባል፣ ፈሳሹም ይጠቅማል። ከድነው 10 ደቂቃ ያቆዩት። ኃይል እንዲጨምር ብለው ግን ከብልቃጥ ዘይት አይጨምሩበት፤ ዘይት ውሃ ላይ ይንሳፈፋልና ሳይቀጥን ከንፈርና ጉሮሮ ያቃጥላል። ትኩሳት ካለዎት፣ ቶንሲል ላይ ነጭ መግል ከታየ፣ አንገት ሥር ያበጠ ዕጢ ሲነካ ካመመና ሳል ከሌለ ሐኪም ይየው። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች በወቅቱ በፔኒሲሊን ያልታከመ፣ ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ የመጣ ቶንሲል የልብ ቫልቭ ሊያበላሽ ይችላል።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ጥናቴ በጦስኝ ዘይት ላይ ነው። በዲስክ ዘዴ፣ ዘይት የነካ ወረቀት ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ አስቀምጬ፣ ስታፊሎኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ ስፈትሽ ምንም ያልበቀለበት 31 ሚሊ ሜትር ክብ አገኘሁ፤ በሳምንቱ ከዚያው ብልቃጥ ስደግመው 19 ሆነ። ሱዶሞናስ በሚባለው ሌላ ባክቴሪያ ላይ ደግሞ ጭራሽ ክብ የለም። የተሳሳትኩት ምኑ ላይ ነው? (ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ችግሩ ከእጅዎ ይልቅ ከዘዴው ነው። የወረቀት ዲስክ የታሰበው በውሃ ለሚሟሙ አንቲባዮቲኮች ነው። ባክቴሪያው የሚበቅልበት አጋር አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ዘይት እንደ ልቡ አይጓዝበትም። ያዩት ክብ ከፊሉ በአጋሩ የሄደ፣ ከፊሉ በክዳኑ ሥር በአየር የዞረ ተን የሠራው ነው። ስለዚህ ዲስኩን ካስቀመጡ በኋላ ክዳኑ ስንት ደቂቃ እንደተከፈተ፣ አጋሩ ምን ያህል እንደወፈረ፣ በአንድ ሳህን ላይ ስንት ዲስክ እንዳለ ሁሉ ክቡን ያሰፋዋል ወይም ያጠበዋል። ብልቃጡም ሳምንት ሙሉ እየተከፈተ ከቆየ ቀላል ቀላሉ ክፍል ተንኖ ሄዷል። ዲስክን ለመጀመሪያ ልየታ ይጠቀሙበት፤ የጥናትዎ ዋና ቁጥር ግን አያድርጉት።

የሱዶሞናሱ ውጤት ስሕተት አይደለም። ይህ ባክቴሪያ ዘይት የማያሳልፍ የውጭ ሽፋንና የገባውን መልሶ የሚተፋ ፓምፕ አለው፤ አብዛኞቹን የዕፀዋት ዘይቶች ይቋቋማል። «አልሠራም» ብለው አይሰርዙት፣ እንዳለ ይጻፉት።

ለዋናው ውጤት ዝቅተኛውን የመግቻ መጠን፣ ማለትም ኤምአይሲ የሚባለውን፣ በብሮዝ፣ ማለትም በባክቴሪያ ማሳደጊያ ፈሳሽ፣ በማቅጠን ያግኙ። በመስታወት ቱቦ ውስጥ 40 ማይክሮ ሊትር ዘይትና 10 ማይክሮ ሊትር ትዊን 80 (ዘይትን ከውሃ የሚያዋህድ) ለብቻቸው በደንብ ያዋህዱ። ከዚያ 950 ማይክሮ ሊትር ሙለር ሂንተን ብሮዝ ቀስ እያሉ ይጨምሩና ወተት እስኪመስል በቮርቴክስ መናጫ ይምቱት። 4 በመቶ ሆነ ማለት ነው። አምስት ደቂቃ አስቀምጠው የዘይት ዓይን ላዩ ላይ ከታየ አልተዋሐደምና እንደገና ይምቱት፤ እንዲሁ ከቀጠሉ የመጀመሪያው ጉድጓድ ባዶ፣ ሁለተኛው ንጹሕ ዘይት ሊደርሰው ይችላል።

ባለ 96 ጉድጓዱ ሰሌዳ ላይ ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ጉድጓድ 1 በመቶ ትዊን ያለበት ብሮዝ 50 ማይክሮ ሊትር ያድርጉ። በመጀመሪያው ጉድጓድ ውሁዱን 100 ማይክሮ ሊትር ያስገቡና ከእሱ 50፣ 50 እየወሰዱ እስከ ስምንተኛው ያስተላልፉ፤ ከመጨረሻው የተረፈውን 50 ይድፉት። በየጉድጓዱ የፒፔቱን ጫፍ ይቀይሩ፤ ዘይት ፕላስቲክ ላይ ስለሚጣበቅ ባልተቀየረ ጫፍ መጠኑ ሳይታወቅ ወደፊት ይጎተታል። ቀጥሎ በድፍርስነት መለኪያ 0.5 ማክፋርላንድ የሆነውን ባክቴሪያ በብሮዝ 150 ጊዜ አቅጥነው በየጉድጓዱ 50 ማይክሮ ሊትር ይጨምሩ። አሁን በሚሊ ሊትር 500 ሺህ ግድም ባክቴሪያ፣ ዘይቱ ደግሞ ከ2 በመቶ ጀምሮ በየእጥፉ እየቀነሰ እስከ 0.015 በመቶ አለዎት።

ማነጻጸሪያዎቹን አይቆጥቡ። ትዊንና ባክቴሪያ ያለ ዘይት፣ ብሮዝ ብቻውን፣ ዘይት ያለ ባክቴሪያ፣ እንዲሁም አንድ የታወቀ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋሉ። ተኑ ወደ ጎረቤት ጉድጓድ ይሻገራልና በዘይቶች መካከል አንድ ረድፍ ባዶ ይተዉ፣ ሰሌዳውን በማሸጊያ ፊልም ይሸፍኑ፣ ዘይት የሌለበትን ማነጻጸሪያ ከ2 በመቶው ያርቁት። እዚያው አጠገቡ አስቀምጠውት ባክቴሪያው ካልበቀለ የገደለው ተኑ ነው፤ የዚያን ቀን ሥራ እንዳለ ይጣሉት።

ከ18 እስከ 24 ሰዓት በ37 ዲግሪ ካቆዩ በኋላ በዓይን ለማንበብ አይሞክሩ፤ ውሁዱ ራሱ ደፍራሳ ነው። 0.015 በመቶ ሬሳዙሪን የሚባል ቀለም 30 ማይክሮ ሊትር ጨምረው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይጠብቁ። ሐምራዊ ወይም ሮዝ የሆነው በቅሏል፣ ሰማያዊ የቀረው ተገቷል። መገታት ግን መሞት አይደለም። ይህን ለመለየት ሬሳዙሪን ካልገባበት ሌላ ተመሳሳይ ሰሌዳ፣ እድገት ከተገታባቸው ጉድጓዶች 10 ማይክሮ ሊትር ወስደው ንጹሕ አጋር ላይ ያስምሩ። ሲጀመር በዚያ 10 ማይክሮ ሊትር ውስጥ 5,000 ግድም ባክቴሪያ ነበር፤ በማግስቱ 5 ወይም ከዚያ በታች ቅኝ (ኮሎኒ) ብቻ ከበቀለ 99.9 በመቶው ሞቷል። ሁሉንም በሦስት የተለያዩ ቀናት ይድገሙት። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ መድገም ሦስት ሙከራ አይባልም።

ሌላው ዕፁ ነው። በአገራችን ጦስኝ የሚባሉት ሁለት ዝርያዎች ናቸው፤ ታይመስ ሺምፔሪና ታይመስ ሴሩላተስ። በአንዱ ዝርያ ውስጥ እንኳ በአንዱ ተራራ የበቀለው ታይሞል፣ በሌላው ደጋ የበቀለው ካርቫክሮል ሊበዛበት ይችላል። ከገበያ የገዙት ከሆነ ከየት እንደመጣ አያውቁም። አበባ ያለበትን ናሙና ተጭኖ እንደደረቀ እዚያው አራት ኪሎ ላለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፀዋት ማኅደር) ያስለዩ፣ ቁጥሩንም ይመዝግቡ፤ የተለቀመበትን ቦታና ወር ይጻፉ፤ ዘይቱን ንጥረ ነገሮቹን በሚለየው ጂሲ-ኤምኤስ መሣሪያ ያስመርምሩ። ይህ ካልተደረገ ጽሑፍዎ የሚናገረው ስለ ጦስኝ ሳይሆን ስለ አንድ ብልቃጥ ነው።

ዘይቱን ሲያወጡ ጥላ ላይ የደረቀ 100 ግራም ይበቃል። በክሌቬንጀር የዘይት ማውጫ ዕቃ ሦስት ሰዓት ያቆዩት፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በባሕር ወለል ከፍታ የተጻፈን ሰዓት እንዳለ አይውሰዱ፤ ለግማሽ ሰዓት የዘይቱ መጠን ካልጨመረ ያኔ ያቁሙ። ውሃውን በደረቅ ሶዲየም ሰልፌት ያስወግዱና ቡናማ የመስታወት ብልቃጦች ውስጥ ጥቂት ጥቂት እየከፋፈሉ 4 ዲግሪ ላይ ያስቀምጡ። አንዱን ለአንድ ቀን ሥራ ብቻ ይክፈቱ።

ጥያቄ፦ የስምንት ወር ልጄ አፍንጫው ተዘግቶ ሌሊት አይተኛም። እናቴ በባሕር ዛፍ ቅጠል እናጥነው ትላለች። ጎረቤቴ ደግሞ የባሕር ዛፍ ዘይት አፍንጫው ሥር ቀቢው ብላኛለች። የቱ ይሻላል? (እናት፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱም ይቅሩ። በባሕር ዛፍ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ሲኒዮል የሚባለው ነው። ለአዋቂ አፍንጫ የተከፈተ ያህል ስሜት ይሰጣል፤ ጀርም በመግደል ግን ከጦስኙ ታይሞል በእጅጉ ይደክማል። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አፍንጫ ሥር ሲቀባ የጉሮሮው መተንፈሻ ድንገት ተኮማትሮ ሊዘጋ ይችላል። ሕፃን ከዋጠውማ ጥቂት ሚሊ ሊትር ራስን እስከ መሳትና እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሳል። መታጠኑ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፤ ብርድ ልብስ ሥር ያለ የፈላ ድስት አንዴ ከተደፋ ሕፃን ይቀቀላል።

ከፋርማሲ 0.9 በመቶ የጨው ውሃ ጠብታ ይግዙ። ከማጥባትዎ በፊት በየአፍንጫ ቀዳዳው አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ያድርጉ፤ ትንሽ ቆይተው የቀለለውን ንፍጥ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። ጡት ቶሎ ቶሎ ይስጡት። ማር አይስጡት፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይፈቀድም። ሲረጋጋ ልብሱን ገልጠው ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። በዚህ ዕድሜ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ያለው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጥባት እምቢ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። የዘይቱን ብልቃጥ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቆልፉበት። ልጅ ጠጥቶት ከተገኘ እንዲያስታውክ አያድርጉ፤ ዘይቱ ወደ ሳንባ ይገባል። ብልቃጡን ይዘው ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ለእናትዎም ይህን በእርጋታ ያስረዱልን፤ ልጁን ለማዳን ብለው ነውና።

ጥያቄ፦ የፀጉርና የቆዳ ቅባት እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ። የጥቁር አዝሙድ፣ የጠጅ ሣርና የቅርንፉድ ዘይት ከነጋዴ እገዛለሁ። እውነተኛውን በምን ልለይ? በአንድ ሊትር ቅባትስ ስንት ልጨምር? ለቆረቆር ይጠቅማል ብዬ ልጻፍበት? (ነጋዴ፣ ከመርካቶ)

መልስ፦ በእጅዎ ያሉት ሁለት ዓይነት ዘይቶች ናቸው። የጥቁር አዝሙዱ ተጨምቆ የወጣ የቅባት ዘይት ነው፤ የጠጅ ሣሩና የቅርንፉዱ አረቄ እንደሚወጣው በእንፋሎት የወጡ ተናኞች ናቸው። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ አንድ ጠብታ ያድርጉና በማግስቱ ይዩት። የጥቁር አዝሙዱ የቅባት ምልክት ይተዋል፤ መተውም አለበት። ተናኞቹ አሳላፊ የሆነ የቅባት ክብ ከተዉ ግን የምግብ ዘይት ተጨምሮባቸዋል። የቅርንፉድ ዘይት ከውሃ ስለሚከብድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሲንጠባጠብ ይሰምጣል፤ ከተንሳፈፈ አይግዙት። የጠጅ ሣሩ በተቃራኒው ይንሳፈፋል። አልኮል ተጨምሮ እንደሆነ ለማወቅ መስመር ባለው ቱቦ 5 ሚሊ ሊትር ዘይትና 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ደህና አድርገው ይናጡና ያስቀምጡት። ሲለያይ ዘይቱ ከ5 በግልጽ ካነሰ አልኮሉ ወደ ውሃው ሄዷል። በፋብሪካ የተሠራ ሲትራል (የጠጅ ሣር ዋናው የሽታ ንጥረ ነገር) የተቀላቀለበትን የጠጅ ሣር ዘይት ግን በእነዚህ መንገዶች አይለዩትም፤ እሱን የሚለየው ላብራቶሪ ብቻ ነው።

መጠኑን በጠብታ አይለኩ። የአንዱ ብልቃጥ ጫፍ ከሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ያወጣል፣ የሌላው ከ30 ያልፋል። በስሪንጅ ይለኩ። ቆዳ ላይ ለሚቆይ ቅባት የቅርንፉዱ በሊትር ከ5 ሚሊ ሊትር፣ የጠጅ ሣሩ ከ7 ሚሊ ሊትር አይለፍ። ሁለቱንም አንድ ላይ ካስገቡ እያንዳንዱን በግማሽ ይቀንሱ። አዲስ በርሜል በቀላቀሉ ቁጥር ክንድ ውስጠኛው ላይ ጥቂት ቀብተው ሁለት ቀን ይጠብቁ። ጤና አዳም የሚጨምሩ ካሉ ይተዉት፤ የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ይቋጥራል፣ ጥቁር ጠባሳም ለወራት ይቀራል። የተረፈውን ዘይት በትልቅ ዕቃ ግማሽ ጎደሎ አድርገው አያቆዩት። አየር ያገኘው ዘይት እየተለወጠ ቆዳ የሚያስቆጣ ይሆናል፤ ወደ ትንሽ ብልቃጥ አዙረው እስከ አንገቱ ይሙሉት።

ለቆረቆር ብለው አይጻፉ። የጠጅ ሣር ዘይት ፈንገስ እንደሚገታ የታወቀ ነው፤ የቆረቆር ፈንገስ ግን የሚኖረው በፀጉሩ ዘንግ ውስጥና በሥሩ ነው። ላዩ የተቀባ ዘይት እዚያ አይደርስም። ልጁ ለሳምንታት በአፍ የሚወሰድ እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ቅባትዎን ተማምና የምትገዛ እናት በዚያው ልክ ሕክምናውን ታዘገየዋለች፣ ለወንድምና እህቶቹም ይተላለፋል። ከዚህ ሌላ፣ በሽታ ይፈውሳል ብለው ለመሸጥ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ጥርሴን ሲያመኝ ቅርንፉድ እነክሳለሁ። ዘይቱ ይሻላል? (አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ለአንድ ሌሊት ያስታግሳል። በቅርንፉድ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ዩጂኖል ነርቭ ያደነዝዛል፤ የጥርስ ሐኪሞችም ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ለውሰው ለጊዜያዊ መሙያ ይጠቀሙበታል። አንድ ጠብታ ከአራት አምስት ጠብታ የምግብ ዘይት ጋር ይቀላቅሉ፣ ትንሽ ጥጥ ነክረው ይጭመቁትና ድዱን ሳይነኩ የተቦረቦረው ጥርስ ላይ ያድርጉት። ከ10 ደቂቃ በኋላ ያውጡት። ሳይቀጥን ከተደጋገመ ድድ ይልጣል። ሕመሙ ቢጠፋም በጥርሱ ሥር ያለው ባክቴሪያ ዘይቱ የማይደርስበት ቦታ ነው። ጉንጭ ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም አፍ መክፈት ካቃተ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ነጭ ሽንኩርት ፈጭቼ ዘይት ውስጥ አድርጌ ሳምንት ሁለት ሳምንት መደርደሪያ ላይ አቆየዋለሁ። ነጭ ሽንኩርት ራሱ ጀርም ስለሚገድል አይበላሽም ብለውኛል። ልክ ነው? (አንባቢ፣ ከስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ ዛሬውኑ ይድፉት። ነጭ ሽንኩርት ሲፈጭ የሚፈጠረው አሊሲን ብዙ ባክቴሪያ ይገታል፤ ቶሎ ይፈርሳልም። ከአፈር ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር የሚመጣው፣ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ ዘር ግን አየር የሌለበት፣ ኮምጣጣ ያልሆነና ሞቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይነቃል። ዘይት የሸፈነው ነጭ ሽንኩርት መደርደሪያ ላይ ሦስቱንም ያሟላል። የሚያመነጨው መርዝ ሽታውንም ጣዕሙንም ሳይለውጥ ይቀመጣል። ማፍላትም ዘሩን አይገድለውም፤ ለዚያ በግፊት 121 ዲግሪ መድረስ ያስፈልጋል፣ እዚህ ከተማ ክፍት ድስት ከ92 አያልፍም።

ለቀኑ የሚበቃዎትን ብቻ ያዘጋጁ። ከተረፈ ወዲያው ፍሪጅ ያስገቡት፤ ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች መሆኑን በቴርሞሜትር ይዩ፤ መብራት ለሰዓታት በጠፋበት ቀን የነበረውን ይጣሉ። ለረጅም ጊዜ ከፈለጉት በበረዶ መሥሪያ ሣጥን ከፋፍለው ያቀዝቅዙት። ሎሚ ጨምቆ ጠብ ማድረግ አይበቃውም። በየዕቃው ላይ ፕላስተር ለጥፈው የተሠራበትን ቀን ይጻፉ፤ አራት ቀን ያለፈውን ሠራተኛ ቀምሶ እንዲለይ ሳያደርጉ ይድፉት። ከበላው ሰው መካከል ነገር ሁለት ሁለት የታየው፣ የዓይኑ ቆብ የወደቀ ወይም መዋጥ ያቃተው ካለ የሚነጋን አይጠብቁ፤ ሆስፒታል ሲደርሱ ዘይት ውስጥ የቆየ ነጭ ሽንኩርት መብላቱን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ማሰሮው ካልተደፋም ከድነው ይዘውት ይሂዱ።